«ዋይፋዩ ጠፋ» ከማለታችን በፊት፦ ለጅማ ቤትና ሱቅ የመስመርና የራውተር አመራረጥ

ባለፈው ክረምት የሰፈራችን እትዬ በጠዋት ደወሉልኝ። ግቢያቸው ውስጥ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ክፍል ያከራያሉ። «ልጄ፣ ዋይፋዩ ጠፍቷል፤ ልጆቹ ሌሊቱን ሲያጉረመርሙ አደሩ። አዲስ ልግዛ እንዴ?» አሉኝ። ሄጄ አየሁት። ራውተሩ በርቷል፣ ስልኬም ወዲያው ያዘ፣ ምልክቱ ሙሉ ነው። የጠፋው ዋይፋዩ ሳይሆን ከውጭ ወደ ቤቱ የሚገባው መስመር ነበር፤ በማግስቱ ማታ ተመለሰ። የልጆቹ ማጉረምረም ግን አልቆመም፤ የኋላው ክፍል ድረስ ሲግናሉ ቀድሞም አይደርስም ነበርና። እትዬ የተናገሩት አንድ ቃል ነው፣ ችግሩ ግን ሁለት ነበር። አዲስ ራውተር ደግሞ አንዱንም አይፈታም ነበር።

ጅማ ውስጥ ኮምፒውተርና ኔትወርክ መጠገን ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ሰው ገንዘቡ ሲባክንበት የማየው አብዛኛውን ጊዜ መጥፎ ዕቃ ስለገዛ ሳይሆን፣ የጎደለው የትኛው እንደሆነ ሳይለይ ስለገዛ ነው። «ዋይፋይ» በምንለው ቃል ውስጥ ሦስት ነገር ተደባልቋል። አንደኛው ከውጭ የሚገባው ኢንተርኔት ነው፤ በፋይበር፣ በስልክ ሽቦ ወይም በሲም ይመጣል። ሁለተኛው ራውተር የሚባለው ሳጥን ነው፤ የገባውን አንድ መስመር ለብዙ ስልክና ላፕቶፕ ያከፋፍላል። ሦስተኛው ከሳጥኑ እስከ ስልካችሁ ያለው የአየር ላይ ጉዞ ነው፤ በትክክል ዋይፋይ የሚባለው እሱ ብቻ ነው። ከመንገድ የሚገባ የውሃ ቧንቧ፣ ግቢው ውስጥ የቆመ ሮቶ፣ ከሮቶው እስከ ማድ ቤት የተዘረጋ ጎማ ብላችሁ አስቡት። ጎማውን በወፍራም ብትቀይሩት ከመንገድ የሚመጣው ውሃ አይጨምርም። ጎማው ተቆልምሞ ከሆነ ደግሞ ሮቶው ሞልቶም ማድ ቤት ውሃ የለም።

የትኛው እንደጎደለ ለመለየት ብር አያስፈልግም። ራውተሩ አጠገብ ቁሙና ስልኩን አገናኙ። ከያዘ ብሮውዘሩ ላይ 192.168.1.1 ብላችሁ ጻፉ፤ የአንዳንዱ ራውተር አድራሻ ይለያል፣ ከሥሩ የተለጠፈው ወረቀት ላይ ታገኙታላችሁ። የራውተሩ ገጽ ከተከፈተ ሳጥኑም አየሩም ደህና ናቸው፣ ችግሩ ከውጭ ነው። የፋይበር ሳጥን ላይ «ሎስ» የሚለው መብራት ቀይ ሆኖ ብልጭ ብልጭ ካለ ብርሃኑ ቤታችሁ አልደረሰም ማለት ነውና መስመሩን ላስገባላችሁ ድርጅት ደውሉ፤ ራውተሩን ሪሴት ማድረግ አይመልሰውም። አጠገቡ ሆናችሁ ጥሩ ሠርቶ መኝታ ቤት ስትገቡ ከሞተ ግን ጉዳዩ የግድግዳና የርቀት ነው። ከዚህ በታች ያለው ምርጫ ሁሉ ከዚህ ልየታ በኋላ የሚመጣ ነው።

ከውጭ የሚገባው፦ ፋይበር፣ የስልክ ሽቦ ወይስ ሲም

ፋይበር በሰፈራችሁ አልፎ ከሆነና ቤቱ የምትቆዩበት ከሆነ ሌላ አታወዳድሩ፣ ፋይበር አስገቡ። በመስታወት ክር ውስጥ የሚሄደው ብርሃን ነው፤ የጅማ ዝናብ አይነካውም፣ ከቴሌ ጣቢያው ጥቂት ኪሎ ሜትር መራቅም ፍጥነቱን አይቀንሰውም። ጠላቱ መቆረጥና መታጠፍ ነው። ክሩን ቡፌ ጀርባ አጥብቆ አጥፎ የሚያስገባ ሰው ካያችሁ አስቁሙት፤ ሰፋ አድርጎ ይጠቅልለው። የታጠፈ ፋይበር ውጪው ሳይቆስል ብርሃን ያፈሳል፣ ችግሩ ከወራት በኋላ ሲመጣም ማንም ቶሎ አያገኘውም።

በስልክ ሽቦ የሚመጣው ኤዲኤስኤል የተባለው ነው። የተሻለው ዓይነቱ በወረቀት ላይ እስከ 24 ሜጋ ቢት በሰከንድ ያወርዳል፤ መዳብ ግን በርቀት ይደክማል። ከጣቢያው 3 ኪሎ ሜትር ያህል ስትርቁ ከግማሽ በታች ይወርዳል፣ 5 ኪሎ ሜትር አካባቢ ጨርሶ ላይይዝም ይችላል። ክረምት ላይ ደግሞ የሽቦው መገጣጠሚያ ውሃ ይገባበታል። ይህን ለማወቅ የቤቱን ስልክ አንሱና አዳምጡ፤ የሚንሿሿ ድምፅ ካለ ኢንተርኔታችሁን የሚቆራርጠውም ያው ነው። ሽቦው ቀድሞ ከተዘረጋና ሥራችሁ ኢሜይልና ቴሌግራም ከሆነ ይበቃችኋል። አዲስ ለማስገባት ግን አልመክርም።

ሲም የሚመረጠው ተከራይ ለሆነ፣ ፋይበር ላልደረሰበትና ሥራው ከቦታ ቦታ ለሚያዞረው ነው፤ ቡና ሊገዛ ወደ ወረዳ የሚወጣ ነጋዴ ፋይበሩን ይዞ አይሄድም። ሦስት መልክ አለው። የስልክ ሆትስፖት ዕቃ መግዛት አያስፈልገውም፣ ግን ባትሪውን ይበላል፣ እናንተ ስትወጡም የቤቱ ኢንተርኔት አብሯችሁ ይወጣል። ማይፋይ በኪስ የሚያዝ፣ የራሱ ባትሪ ያለው ትንሽ ሳጥን ነው፤ መብራት ቢሄድ ለሰዓታት ይሠራል፣ አንቴናው ግን ትንሽ ስለሆነ ከአንድ ሁለት ክፍል አያልፍም። የሲም ራውተር በሶኬት የሚሠራ ነው፤ አንቴናው ጠንከር ያለ ነው፣ ለላፕቶፕና ለፕሪንተር የሚሆን የኬብል ቀዳዳም አለው። ለቤት ከሆነ ከሦስቱ ይህኛውን እመርጣለሁ።

የሲም ራውተር ስትገዙ ከዕቃው ዓይነት ይልቅ የምታስቀምጡበት ቦታ ይወስናል። ከመግዛታችሁ በፊት ያንኑ ሲም ስልካችሁ ላይ አድርጉና በየመስኮቱ እየዞራችሁ ፍጥነቱን ለኩ፤ አንዴ ከሰዓት በኋላ፣ አንዴ ማታ 2 ሰዓት ላይ። ማታ ሁሉም ሰው ቤቱ ስለሚገባ አንዱ የኔትወርክ ማማ ለብዙ ሰው ይከፋፈላል፣ እውነተኛ ፍጥነታችሁ የማታው ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ሬዲዮን ይመልሳል፣ እርጥብ ቅጠልም ይጠጣል። ቤታችሁን አቮካዶና ማንጎ ከከበበው ክረምት ሲገባ ኔትወርኩ ሊዳከም ይችላል። ዛፉን አትቁረጡ፣ ራውተሩን ወደ ሌላ መስኮት ውሰዱት። ጂሬን ላይ ከተማውን ቁልቁል የሚያይ ቤት እና አዌቱ ወንዝ አጠገብ ዝቅ ብሎ በፎቅ የተከለለ ቤት በአንድ ዓይነት ሲም እኩል አያገኙም።

የፓኬጅ ነገርም አለ። ጥራት ያለው ቪዲዮ አንድ ሰዓት ማየት ከ1 እስከ 3 ጊጋ ባይት ይወስዳል። ሲማችሁ ያልተገደበ ካልሆነ ላፕቶፑ ላይ ያንን ዋይፋይ «ሜተርድ»፣ ማለትም በልክ የሚከፈልበት፣ ብላችሁ ምልክት አድርጉበት፤ ያለዚያ ዊንዶውስ ሌሊት ራሱን ሲያድስ ጠዋት ፓኬጁ አልቆ ታገኙታላችሁ።

መብራት ሲሄድም ሦስቱ እኩል አይደሉም። ከጣቢያው ወደ ቤት በሚመጣው የተለመደው የፋይበር አዘረጋግ መንገድ ላይ ኤሌክትሪክ የሚፈልግ መከፋፈያ የለም፤ ስለዚህ ቤት ያለውን የፋይበር ሳጥንና ራውተር በትንሽ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ በሚተካ ባትሪ፣ ካቆማችኋቸው ሰፈሩ ጨልሞም ኢንተርኔቱ ሊቀጥል ይችላል። አብዛኛው ራውተር የሚፈልገው 12 ቮልት ነው፤ 1 አምፔር የሚል አዳፕተር ቢበዛ 12 ዋት ነው የሚበላው፣ ከአንድ የኤልኢዲ አምፖል ብዙም አይበልጥም። አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን ቮልት ሳታዩ ግን ዩፒኤሱን አትግዙ፤ የ9 ቮልትና የ12 ቮልት ራውተሮች መሰኪያቸው አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። መብራት ሲመለስ በሚመጣው ድንገተኛ ኃይል የተቃጠለ ራውተር ብዙ ጊዜ ቀርቦልኛል። መብራት ሲሄድ ከዲቫይደሩ ንቀሉት፣ ተመልሶ ጥቂት ደቂቃ ሲረጋጋ ሰኩት።

ሦስት ጊጋ፣ ሁለት 5ጂ

አማርኛችን እዚህ ላይ ያሳስታል፣ ምክንያቱም ሁሉንም «ጊጋ» ብለን እንጨርሰዋለን። የፓኬጅ ጊጋ ጊጋ ባይት ነው፤ የመጠን ልክ ነው፣ ስንት ኩንታል እንደማለት። የመስመር ፍጥነት የሚለካው ግን በሜጋ ቢት ወይም በጊጋ ቢት በሰከንድ ነው፤ 8 ቢት አንድ ባይት ነው። ስለዚህ የ16 ሜጋ ቢት መስመር ያለው ሰው ፋይል ሲያወርድ ኮምፒውተሩ «2 ሜጋ ባይት በሰከንድ» ቢለው አልተታለለም፣ የከፈለበትን እያገኘ ነው። በዚህ ምክንያት ከድርጅት ጋር ሲጨቃጨቁ የነበሩ ሰዎችን አግኝቻለሁ። ሦስተኛው ጊጋኸርዝ ነው፤ ሬዲዮው በየትኛው ሞገድ እንደሚሠራ ብቻ ይናገራል፣ ስለ መጠንም ስለ ፍጥነትም አይናገርም።

ራውተራችሁ ሁለት ስም ሲያወጣ፣ አንዱ መጨረሻው ላይ «5ጂ» የሚል ከሆነ፣ ያ የስልኩ 5ጂ አይደለም። 5 ጊጋኸርዝ ማለት ነው። የስልኩ 5ጂ አምስተኛው የሞባይል ትውልድ ነው፤ ኢትዮ ቴሌኮም ሙከራውን አዲስ አበባ ላይ የጀመረው በ2022 እ.ኤ.አ. ነው። «5ጂ ዋይፋይ ያለው ነው» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ጠይቁት። 5 ጊጋኸርዝ ያለው ተራ ራውተር ሲም አይቀበልም።

2.4 ወይስ 5 ጊጋኸርዝ

2.4 ጊጋኸርዝ ሩቅ ይሄዳል፣ ግድግዳ ይበሳል፣ ግን ቀርፋፋና የተጨናነቀ ነው። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣንና ባዶ መንገድ ነው፣ ግን ግድግዳ ያስቸግረዋል። ሁሉም መጽሐፍ ይህን ይላል፤ የእኛ ቤት ግን መጽሐፉ ውስጥ የለም። የመጽሐፉ ግድግዳ ቀጭን ጣውላና ጂፕሰም ነው። የእኛ አንዱ ጭቃ ነው፣ አንዱ ብሎኬት፣ አንዱ ቆርቆሮ፣ አንዳንዴም ሦስቱም አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው። ውስጡ ባዶ የሆነ ብሎኬት አንድ ግድግዳ ብቻ ከሆነ ሁለቱንም ሞገድ ያሳልፋል። ብረት የበዛበት የፎቅ ወለልና ምሰሶ 5ን ክፉኛ ያዳክማል። ጭቃ ደረቅ ሲሆን ብዙ አይከፋም፣ ወፍራም ሆኖ ክረምት ሲያርሰው ግን ይጠጣል፤ ውሃ የእነዚህ ሞገዶች ጠላት ነውና። ቆርቆሮ ሁለቱንም ይመልሳል። ከመስተዋት ጀርባ ያለው ቅብ፣ ፍሪጅና ውሃ የሞላ ሮቶም እንደ ቆርቆሮው ቁጠሯቸው።

ስለዚህ ምርጫው ቀላል ነው፦ ከራውተሩ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ያለው ቴሌቪዥንና ላፕቶፕ 5 ላይ፣ ግድግዳ ማዶ ያለው ሁሉ 2.4 ላይ። ብዙ ራውተር ሁለቱን በአንድ ስም ደብቆ ራሱ ይመርጣል፤ እኔ በሁለት ስም መለየቱን እወደዋለሁ። ራውተሩ አንዳንዴ ስልካችሁን ደካማ 5 ላይ ይዞ ይቆያልና።

2.4 ላይ ያለው ጭንቅንቅ እውነተኛ ችግር የሚሆነው ቤት በቤት ላይ በተደራረበበት ነው፤ ኪቶ ፉርዲሳ አካባቢ ተማሪ የሚከራይባቸው ሕንፃዎች ውስጥ አንድ ክፍል ቆሜ ከ20 በላይ የዋይፋይ ስም የቆጠርኩበት ጊዜ አለ። 2.4 ላይ ቻነል የሚባሉት መንገዶች በቁጥር 13 ቢሆኑም እርስ በርስ ይደራረባሉ፤ ሳይነካኩ አብረው የሚሄዱት 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። ጎረቤቶቻችሁ ሁሉ 6 ላይ ከሆኑ እናንተ ወደ 1 ወይም 11 ሂዱ። 3 ላይ መቀመጥ ግን ከ1ም ከ6ም ጋር መጋፋት ነው። ብሉቱዝም ማይክሮዌቭ ምድጃም እዚያው 2.4 አካባቢ ናቸው፤ ማይክሮዌቭ ያለው ካፌ ምግብ ሲያሞቅ ዋይፋዩ የሚደናቀፈው ለዚህ ነው። ለካፌ 5 ጊጋኸርዝ የሌለው ራውተር አትግዙ።

ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር

መርካቶ ራውተር ስትጠይቁ ሻጩ መጀመሪያ የሚያሳያችሁ ካርቶኑ ላይ ጎልቶ የተጻፈውን ቁጥር ነው፦ ኤን 300፣ ኤሲ 1200፣ ኤኤክስ 1500። ፊደሉ ትውልዱን ይናገራል። ኤን በ2009 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ነው፣ ዛሬ ዋይፋይ 4 ይባላል። ኤሲ የ2013 ነው፣ ዋይፋይ 5፤ ይህ በ5 ጊጋኸርዝ ብቻ የሚሠራ ስለሆነ ራውተሩ 2.4ቱን የሚያስኬደው በአሮጌው ኤን ነው። ኤኤክስ ዋይፋይ 6 ነው። እነዚህ ቀለል ያሉ ቁጥሮች የመጡት በ2018 ነው፤ ከዚያ በፊት ሁሉም 802.11 እያለ በፊደል ይጠራ ነበር። ዋይፋይ 7ም ከ2024 ጀምሮ ማረጋገጫ እየተሰጠው ነው፤ ለጅማ ቤት ዛሬ ገንዘብ የሚያስወጣ ምክንያት አላየሁበትም።

ከፊደሉ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ድምር ነው። ኤሲ 1200 ማለት በ2.4 ላይ 300፣ በ5 ላይ 867 ሜጋ ቢት፣ ተደምሮ ወደ 1200 የተጠጋጋ ነው። አንድ ስልክ ደግሞ በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ ነው የሚጠቀመው። ከዚያም ላይ በአየር የሚያልፈው እውነተኛ ፍጥነት ጥሩ ሲሆን የወረቀቱ ግማሽ ያህል ነው። ከሁሉ በላይ ግን ከውጭ የሚገባው መስመር 10 ሜጋ ቢት ከሆነ ኤን 300ም ኤኤክስ 1500ም 10ሯን ነው የሚያካፍሉት።

ታዲያ ዋይፋይ 6 ማን ይግዛ? ብዙ ሰው በአንድ ራውተር የሚኖርበት። ዋይፋይ 6 በአንድ ቅጽበት ለብዙ መሣሪያ መንገዱን ከፋፍሎ መስጠት ይችላል፤ ቀዳሚዎቹ ትውልዶች በአብዛኛው በተራ በተራ ነው የሚያስተናግዱት። ተከራይ የሞላበት ግቢ ወይም ፈረንጅ አራዳ ላይ ያለ ካፌ ጥቅሙን ያየዋል፤ ስልኮቹም ዋይፋይ 6 እስከሆኑ ድረስ። አራት ሰው ላለበት ቤት ኤሲ 1200 ይበቃል። ካርቶኑን ገልብጣችሁ አንድ ነገር ፈልጉ፦ የኬብል ቀዳዳዎቹ «ጊጋቢት» ናቸው ወይስ 100 ሜጋ ቢት? ወደፊት ከ100 በላይ የሆነ ፋይበር ለማስገባት የምታስቡ ከሆነ በ100 ቀዳዳ ውስጥ 101 አያልፍም፣ ፊት ለፊት የተጻፈው ቁጥር ምንም ይሁን።

ፓስወርድ

እዚህ ምርጫው አጭር ነው። ራውተሩ ገጽ ላይ ከሚዘረዘሩት የዋይፋይ መቆለፊያ ዓይነቶች ደብሊው ፒ ኤ 3 ካለ እሱን፣ አሮጌ ስልክ እምቢ ካለ ደብሊው ፒ ኤ 2ን ምረጡ። ዌፕ የሚለውን አሮጌ መቆለፊያ አትንኩት፤ ከ2001 ጀምሮ እንደሚሰበር የታወቀ ነው። ደብሊው ፒ ኤስ የሚባለውን በቁልፍ ወይም በ8 አሃዝ ፒን የሚያገናኘውን ዝጉት፤ በ2011 በተገለጠው ጉድለት ያ ፒን 11,000 ያህል ሙከራ ብቻ ነው የሚፈልገው። ፓስወርዱ ከ8 እስከ 63 ፊደል ይሆናል፣ በግዕዝ ፊደል ግን አይጻፍም። የዋይፋዩን ስም በአማርኛ መጻፍ ትችላላችሁ፤ የተፈቀደው ቦታ 32 ባይት ነው፣ እያንዳንዱ የእኛ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ 10 ፊደል ያህል ይገባል። ካፌ ወይም ሱቅ ያላችሁ ለደንበኛ «ጌስት» የሚለውን፣ የእንግዳ ዋይፋይ፣ ለይታችሁ ክፈቱ፤ የሒሳብ ኮምፒውተራችሁና የማታውቁት ሰው ስልክ አንድ ላይ አይቀመጡ።

የኋላው ክፍል፦ ሪፒተር፣ ሜሽ ወይስ ኬብል

ወደ እትዬ ግቢ እንመለስ፤ ብዙ ሰው የሚያጣው ይህ ቦታ ነውና። ፊት ለፊት የብሎኬት ቤት አለ፣ ራውተሩ ሳሎን ቡፌ ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተቀምጧል። ከቤቱ ቀጥሎ የቆርቆሮ ማድ ቤት፣ ከጎኑ ሮቶ፣ ከዚያ ወዲያ አራት የጭቃ ክፍሎች። በስልኬ ለካሁ። የሲግናል ጥንካሬ የሚለካው ዲቢኤም በሚባል ልክ ነው፣ ቁጥሩም ከዜሮ በታች ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይጠነክራል። ከ−67 የማይወርድ ከሆነ በቪዲዮ ማውራት ይቻላል፤ −80 ካለፈ መያዙም መልቀቁም አይታወቅም። በየ10ሩ ኃይሉ አሥር እጥፍ ይወርዳል፣ ስለዚህ −60 እና −80 መካከል ያለው ልዩነት መቶ እጥፍ ነው። ሳሎን −41፣ ጓሮ በር ላይ −62፣ የመጨረሻው ክፍል ውስጥ −86 ነበር። እዚያ የሚኖረው ልጅ አልጋውን መስኮት አጠገብ ያዞረው ለዋይፋዩ ብሎ ነበር።

የመጀመሪያው መፍትሔ ነፃ ነው። ራውተሩን ከቡፌው አውጥቼ በጓሮው በኩል ባለው መስኮት አናት ላይ ሰቀልኩት። −86 የነበረው −79 ሆነ። ራውተር ከፍ ያለ ቦታ፣ ከብረትና ከመስተዋት ራቅ ብሎ ነው የሚቀመጠው፤ መልኩን ጠልተን ስንደብቀው የምንደብቀው ሲግናሉን ነው።

እትዬ ቀደም ብለው ሪፒተር ገዝተው ነበር። ሶኬት ላይ የሚሰካ፣ ርካሽ፣ ገመድ የማይፈልግ። የሰኩት የመጨረሻው ክፍል ውስጥ ነበር፣ ሁሉም ሰው የሚሳሳተውም እዚያ ነው። ሪፒተር የሰማውን ነው የሚደግመው፤ −86 ላይ ቆሞ ከሰማ የሚደግመውም የተቆራረጠ ነው፣ ስልኩ ላይ ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ገጹ የማይከፈተው በዚህ ጊዜ ነው። ሲግናሉ ገና ጥሩ በሆነበት መሃል ቦታ ላይ መቀመጥ አለበት። እንደዚያም ሆኖ ባለ አንድ ሬዲዮ ሪፒተር በዚያው ቻነል ተቀብሎ በዚያው ስለሚያስተላልፍ ፍጥነቱን ግማሽ ያህል ይበላል። ለአንድ ክፍልና ለአንድ ስልክ ይሁን፤ ለአራት ተከራይ አይሆንም።

ሜሽ የተሻለ የሪፒተር ዘመድ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ሳጥን እርስ በርስ እየተነጋገሩ አንድ ስም ይዘው ይሠራሉ፣ ሰው ሲራመድ ስልኩ ሳይቋረጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። ለትልቅ የብሎኬት ቤት፣ ግድግዳ መቦርቦር ለማይፈልግ ሰው ጥሩ ነው፣ ዋጋው ግን ከሦስቱ የከበደው ነው። ሳጥኖቹ የሚነጋገሩት በአየር ከሆነ የእትዬን ማድ ቤት ቆርቆሮ እነሱም ማለፍ አለባቸው። ያንን ቆርቆሮ የሚያሸንፈው ገመድ ነው።

የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ ፍጥነት ሳይቀንስ ይሄዳል፤ ለእትዬ ግቢ 35 ሜትር በቃ። ካት 5ኢ እስከ 1 ጊጋ ቢት ስለሚያሳልፍ ለቤት ከበቂ በላይ ነው። ስትገዙ ውስጡ ንጹሕ መዳብ መሆኑን አረጋግጡ፤ በአሉሚኒየም ላይ መዳብ የተቀባው ርካሹ ሲታጠፍ ይሰበራል። ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርጉት፣ ውስጡ ነጭ ከሆነ መልሱት። ለውጭ የሚሆነው ጥቁር ሽፋን ያለው ነው፣ ፀሐይና ዝናብ ይችላል።

በኬብሉ ጫፍ ላይ አዲስ ዕቃ መግዛት አላስፈለገንም። እትዬ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ የተረሳ አሮጌ ኤን 300 ራውተር ነበር። ገጹን ከፈትኩ፣ አድራሻውን ከ192.168.1.1 ወደ 192.168.1.2 ቀየርኩ፤ ሁለት ሳጥን አንድ አድራሻ ይዘው አይኖሩም። ዲኤችሲፒ የሚለውን፣ አድራሻ የሚያድለውን ሥራ፣ ዘጋሁት፤ አዳዩ አንዱ ዋናው ራውተር ብቻ እንዲሆን። ኬብሉን የሰካሁት ዋን በሚለው ቀዳዳ ሳይሆን ላን በሚሉት በአንዱ ነው። ስሙንና ፓስወርዱን ከዋናው ጋር አንድ አደረግሁ፣ ቻነሉን ግን ዋናውን 1፣ ይህኛውን 11 ላይ። እንዲህ የተሰናዳ ሳጥን አክሰስ ፖይንት ይባላል፤ ሱቅ ውስጥ በዚህ ስም ተለይቶ የሚሸጥም አለ፣ ግን ቤታችሁ ያለውን አሮጌ ራውተር ሳትጥሉ ሞክሩ።

የመጨረሻው ክፍል −52 ሆነ። ልጁ አልጋውን ወደ ግድግዳው መለሰው።

ኬብሉን ስዘረጋ አንድ ነገር ብቻ እትዬን ደጋግሜ ነገርኳቸው። በሁለት ቤቶች መካከል ከቤት ውጭ የተዘረጋ የመዳብ ገመድ ከመብረቅ ጋር አይስማማም፤ አጠገብ የወደቀ መብረቅ እንኳ ሁለቱንም ሳጥን ሊገድል ይችላል። ከልብስ ማስጫው ሽቦ ጋር አላሰርነውም፣ በግድግዳው ሥር በፕላስቲክ ቱቦ አስገብተን ወሰድነው። ነጎድጓድ ሲጀምር ሁለቱም ጫፍ ይነቀላል፤ የፊቱን እትዬ፣ የኋላውን የመጨረሻው ክፍል ልጅ ይነቅላሉ።